ድንበር ተሻጋሪ ምክረ ሐሳብ

የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት ሥራ አጥነትን፣ ስደትን፣ ያለዕድሜ ጋብቻንና የጦር መሣሪያ ዝውውርን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሊወጡት እንዳልቻሉ በትሕትና ካመኑ ቆይተዋል። ትሕትና መቼም ያስመሰግናል። ስለዚህ መፍትሔውን ወጣቱ እንዲያመጣው ወስነዋል። ሚኒስትሩ ስብሰባ ይበዛበታል፤ ዳይሬክተሩ መስክ ነው፤ አማካሪው ውጭ አገር ነው። ወጣቱ ግን ሥራ ስለሌለው ስለ ሥራ አጥነት ፖሊሲ ለመጻፍ በቂ ጊዜ አለው። ከዚህ የተሻለ የሥራ ክፍፍል ያለበት አህጉር ካለ ይነገረን።

መጀመሪያ ግን ወጣት ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። በኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ መሠረት ወጣት የሚባለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለው ነው። የኬንያ ሕገ መንግሥት 18 ዓመት የሞላውንና 35 ያልደረሰውን ይላል። የአፍሪካ ኅብረት የወጣቶች ቻርተር ደግሞ ከ15 እስከ 35 ይቆጥራል። እንግዲህ ሞያሌ ላይ ቆሞ ማየት ነው። የ32 ዓመቱ ጎልማሳ ከኢትዮጵያው ሞያሌ ወደ ኬንያው ሞያሌ መንገዱን ሲሻገር ያለፈ ወጣትነቱ ይመለስለታል። ከጎኑ የሚሻገረው የ16 ዓመት ልጅ በተራው ወጣትነቱን ኬላው ላይ አራግፎ ሕፃን ሆኖ ይገባል። ሁለቱ መንግሥታት በ2013 ዓ.ም. እዚያው ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር ኬላ መርቀዋል፤ የከባድ መኪና ወረቀት በአንድ ቦታ እንዲያልቅ ማለት ነው። የሰው ዕድሜ ግን ዛሬም የሚቆጠረው በየፊናው ነው። እኔ ተቃውሞ የለኝም፤ ማታ ተመልሶ መሻገር እስከተቻለ ድረስ አንድም ሰው አይጎዳም።

ወጣቱ ከተለየ በኋላ ወደ ምክረ ሐሳብ ማምረቻው ይወሰዳል። ማምረቻው ሆቴል ነው፤ አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ፣ አንዳንዴም ለለውጥ ያህል ካምፓላ። አንገት ላይ ባጅ ይንጠለጠላል፤ ከመድረኩ ጀርባ ባነር ይሰቀላል፤ ባነሩ ላይ የለጋሾቹ ዓርማ ከርእሱ ይበልጣል። ሦስት ሰዓት ይጀመራል የተባለው አራት ተኩል ላይ ይጀመራል። የክብር እንግዳው ወጣቱ የነገ አገር ተረካቢ መሆኑን ያስታውሱና፣ ዛሬን የያዙት እሳቸው ናቸውና፣ ለሌላ አስቸኳይ ስብሰባ ይቅርታ ጠይቀው ይወጣሉ። አዳራሹ ቆሞ ያጨበጭባል። ሻይ ይወጣል።

ከሻይ በኋላ የቡድን ውይይት ነው፤ እውነተኛው ጥበብ ያለው እዚህ ነው። ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ከአራት አገር የመጡ ሰባት ልጆች ይቀመጣሉ፤ ጽሕፈቷ ያማረላት ማርከር ትይዛለች። አንዱ ድፍረቱ ይመጣበትና፣ «እኛ ሰፈር ልጆቹን በስደት የሚልከውን ደላላ ሁሉም ያውቀዋል፤ ከሹሙ ጋር ቡና ይጠጣል» ይላል። ጸጥታ ይሆናል። አወያዩ ፈገግ ብሎ፣ «ጥሩ ነጥብ ነው፤ በፖሊሲ ቋንቋ እናስቀምጠው» ይላል። ማርከሯ ትንቀሳቀሳለች፤ ትልቁ ወረቀት ላይ «የመልካም አስተዳደር ክፍተት» የሚል ይሰፍራል። ደላላውም፣ ሹሙም፣ ቡናውም እዚያች መሥመር ውስጥ ተቀበሩ። ከሥሯ «የባለድርሻ አካላት ቅንጅት ይጠናከር» ይከተላል። ማን ያጠናክረው? በየትኛው በጀት? እስከ መቼ? እንዲህ ብሎ መጠየቅ ጨዋነት የጎደለው ነገር ነው፤ በዚያ ላይ ምሳ ደርሷል።

ከምሳ በፊት ግን ከስደት የተመለሰ አንድ ወጣት ተሞክሮውን እንዲያካፍል አሥር ደቂቃ ይሰጠዋል። ከአፋር ተነሥቶ በጋላፊ በኩል ጂቡቲ እንደገባ፣ በአሳል ሐይቅ ዳር በዚያ ሙቀት በእግሩ እንዳለፈ፣ በባሕር ዳርቻዋ ከተማ ኦቦክ ወደ የመን የሚሻገር ጀልባ ሲጠብቅ አብሮት የነበረ የሰፈሩ ልጅ እንደሞተ ይናገራል። አንዳንዶች ያለቅሳሉ፤ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ የመድረክ መሪው፣ «ለጠንካራ ተሞክሮህ እናመሰግናለን» ብሎ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ምክረ ሐሳብ እንዲያቀርብ አይጠየቅም። ለዚያ ሥልጠና አልወሰደማ።

እነዚህ ምክረ ሐሳቦች አዲስ እንዳይመስሏችሁ። የአፍሪካ የወጣቶች ቻርተር ባንጁል ላይ የጸደቀው በሐምሌ 2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ በሥራ ላይ የዋለውም በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ስለ ወጣቶች ተሳትፎ አንቀጽ አለው፤ ስለ ትምህርት አለው፤ ስለ ሥራና መተዳደሪያ አለው፤ ከገዛ አገር ስለ መውጣትና ስለ መመለስ መብትም አለው። በጸደቀበት ቀን የተወለደ ሕፃን ዛሬ ጢሙን ይላጫል። መንግሥታቱ ይህን ልጅ አዳራሽ ጠርተው «እስቲ ምን ቢደረግ ይሻላል ትላለህ?» ይሉታል። እሱም ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ፣ በእናቱ ጀርባ ሳለ የፈረሙትን ቃል በቃል መልሶ ያቀርብላቸዋል። በሐሳቡ አዲስነት ይደነቃሉ፤ የምስክር ወረቀት ይሰጡታል። ብድሩን ያልከፈለ ሰው አበዳሪውን ስለ ቁጠባ ምክር ሲጠይቀው ይህን ይመስላል።

እንዲያም ሆኖ በቀጠናው ፖሊሲን ያለ ወርክሾፕ ተግባራዊ ያደረገ አንድ አካል አለ፤ ሊመሰገን ይገባዋል። የአፍሪካ መሪዎች የሰዎችን ነጻ ዝውውር ፕሮቶኮል አዲስ አበባ ላይ የተቀበሉት በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ነው። በሥራ ላይ እንዲውል የ15 አገሮች ማጽደቂያ ያስፈልገዋል፤ ዓመታት አልፈውም ያጸደቁት በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። ደላላው ግን ገና ድሮ አጽድቆታል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አፋርኛና ዓረብኛ በሚናገሩ ሠራተኞች ከወሎ ገጠር እስከ የመን ዳርቻ ይሠራል። ጽሕፈት ቤት የለውም፤ ባነር የለውም። የቀጠናዊ ትስስር ማነቆ የሚባሉት ሁሉ እሱ ዘንድ ተፈትተዋል። የክትትልና ግምገማ ሥርዓቱ ደግሞ ለጋሾችን ያስቀናል፦ ልጁ የት እንደደረሰ ለቤተሰቡ ራሱ ደውሎ ያሳውቃል፤ ልጁ በስልኩ ውስጥ ሲጮህ እያሰማ፤ ስንት ብር እስከ መቼ እንዲላክም ቀኑን ቆርጦ ይናገራል። ዒላማ፣ በጀት፣ የጊዜ ሰሌዳ። አዳራሹ ውስጥ የጠፉት ሦስቱም።

የመንግሥት ፖሊሲ ደላላውን አልረዳውም ማለት ደግሞ ውለታ መካድ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ዜጎቹን ለመጠበቅ ሲል ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን አግዶ ነበር። ሕጋዊው በር ተዘጋ፤ መሄዱ አልቆመም፤ ተጓዡ ሁሉ ያለ ተፎካካሪ ለደላላው ተረፈ። ቀጥሎ በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 923 ወጣና ለውጭ ሥራ የምትሄድ ልጅ ቢያንስ ስምንተኛ ክፍል እንድታጠናቅቅ ደነገገ። መልካም አሳቢ ሕግ ነበር። አምስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጠችው ልጅ አዋጁን አንብባ ወደ ስድስተኛ ክፍል ትመለሳለች ተብሎ ታስቦ መሆን አለበት። እሷ ግን በኦቦክ በኩል ሄደች፤ ባሕሩ የክፍል ውጤት አይጠይቅም።

የአዳራሹን ልጆች ማማት አልፈልግም። ብዙዎቹ ብልህ ናቸው፤ ይህንንም ከእኔ በላይ ያውቃሉ። አንዴ «ሹሙ ከደላላው ጋር ቡና ይጠጣል» ብሎ የተናገረ ለሚቀጥለው መድረክ እንደማይጠራ፣ «ቅንጅት ይጠናከር» ያለ ግን ኪጋሊ እንደሚጠራ አይተዋል። ሥራ በሌለበት አገር የመድረክ ወጣትነት ራሱ ሥራ ነው፤ አበል አለው፣ የአውሮፕላን ትኬት አለው፣ ሲቪ ላይ ያምራል። ሥራ አጥነትን ይቀንሳል የተባለው መድረክ፣ ሐቁን እንናገር ከተባለ፣ ሰባት ስምንት ሰው መቅጠሩ አልቀረም። ከአብዛኞቹ ምክረ ሐሳቦች ይልቅ ይህ ውጤት ይታያል። ችግሩ እዚያ መቆየትም የሚቻለው 35 እስኪሞላ ብቻ መሆኑ ነው፤ ከዚያ በኋላ አማካሪ ይሆናሉ።

ስለዚህ እኔም የበኩሌን ልጠቁም። የሚቀጥለው መድረክ ኦቦክ ይሁን። ተሳታፊዎቹ፣ የክብር እንግዳውና የለጋሽ ተወካዮቹ ጭምር፣ ከጋላፊ ጀምሮ በእግራቸው ይምጡ፤ የመስክ ጉብኝት ብለን በጀቱ ውስጥ እናስገባዋለን። ውሃ የሚያዘው አንድ አንድ ጀሪካን ነው። የቡድን ውይይቱ ከአሳል ሐይቅ በኋላ ይካሄድ፤ ያኔ ማርከሩን የሚይዘው ማን እንደሆነና ምን እንደሚጽፍ ለማየት እጓጓለሁ። ሐሳቤን ለአንድ አዘጋጅ ባቀርብለት በጥሞና አዳመጠኝ፤ ወደደውም። ነገር ግን በዚያ መንገድ የሚሄድን ሰው የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ የለም አለኝ። ምክረ ሐሳቤን በጽሑፍ ካስገባሁ ግን ካምፓላ ላይ በሚደረገው ውይይት ሊያካትተው ቃል ገባልኝ። ርእሱ መደበኛ ያልሆነ ስደት ነው፤ ለማመልከት ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ፓስፖርት ያስፈልጋል።