የጋሪያችን ዘር ማንዘር

እኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጠየቀው የልጅቷ መልክ ወይም የልጁ ደመወዝ አይደለም፤ ዘር ነው። ሰባት ቤት ይቆጠራል። በቆቦ ሜዳዋ ሮቢት ደግሞ ይህን ቆጠራ እንደ አጎቴ የሚችልበት የለም። ሽማግሌ ሆኖ በተቀመጠበት ቤት ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሳይሻገር የሙሽሪትን ቅድመ አያት የሙሽራው ምንጅላት እኅት አድርጎ ሠርጉን ያፈርሰዋል። ሚስቱ እንደምትለው፣ በእሱ ምክንያት ሳይጋቡ የቀሩት ቢሰበሰቡ ራሱን የቻለ ቀበሌ ይወጣቸዋል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ዘንድሮ «የአባቴን ጋሪ አድሳለሁ» ብሎ የተነሣው። ምክንያት አላጣም። የቆቦ ሜዳ ማሽላ፣ ደጋሊትም በሉት ጅጉርቲ፣ ሰውን ከነባርኔጣው የሚውጥ አገዳ አለው። ያን አገዳ ጫንልኝ ብትሉት ባለባጃጁ አገዳውን ትቶ እናንተን ነው ከእግር እስከ ራስ የሚያያችሁ። ጋሪው ግን ከግራሩ ሥር ለዓመታት ቆሞ የዶሮዎች ማረፊያ ሆኗል። ሳንቃውን ምስጥ ግማሹን በልቶ ግማሹን ለልጆቹ አስቀምጦታል።

ሳንቃው ቀላል ነበር፤ አናጢ ተጠርቶ አለቀ። መከራው ብረቱ ነው። የኋላ መዝጊያው ማጠፊያ የለውም። ፈረሱ የሚታሰርበት መንጠቆ ጠፍቷል። የግራው ዘንግ ተሰንጥቋል። ጎማው እንዳይወጣ የሚያግደው ሾጣጣ ብረት የት እንደገባ ሳይታወቅ በቦታው ሚስማር ተሰክቷል። አጎቴ መጀመሪያ ከሱቅ አዲስ ማጠፊያ ገዛ፤ የሚያብለጨልጭ። መዝጊያውን ለሙከራ አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ ቢያደርገው ማጠፊያው ተገነጠለና መዝጊያው ዶሮዎቹ ላይ ወደቀ። «ይሄ ወላጅ የለውም!» አለ አጎቴ። ከእሱ አፍ ከዚህ የከፋ ስድብ አይወጣም። ተያይዘን ወደ ቀጥቃጩ ሄድን።

የቀጥቃጩ ግቢ ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅም። ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አድርጎ ወደ መቀሌ የሚሄደው አስፋልት በሮቢት ስለሚያልፍ፣ መኪና የጣለው ሁሉ ማረፊያው እዚህ ነው፤ የተሰበረ ባሌስትራ፣ የተጣመመ ፌሮ፣ የበርሜል ክዳን፣ የተበላ ኩሽኔታ። ከአጠገቡ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ማረሻዎች ተደርድረዋል። መሃል ላይ መስፉ ተተክሏል። ወናፉን የሚነፋው የቀጥቃጩ የልጅ ልጅ ነው፤ ሁለቱን የፍየል ቆዳ ስልቻዎች እያፈራረቀ ሲጫን፣ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይሞላል፣ እሳቱም ትንፋሽ አያጥረውም።

አጎቴ ገና ሳይቀመጥ ቆጠራ ጀመረ።

«ይሄ የማን ነው?» አለ፣ አንዱን ጠፍጣፋ ብረት በከዘራው እየነካ።

«የአይሱዙ ልጅ ነው አያ። ባሌስትራ።»

«ያኛውስ?»

«እሱ ፌሮ ነው። ከድልድይ ይምጣ ከፎቅ አይናገርም።»

«አባቱ ያልታወቀ ብረትማ ጋሪዬ ላይ አይወጣም።»

ቀጥቃጩ ሳቀ። «አንቱ በአፍ ነው የሚጠይቁት። እኔ በእሳት ነው።»

ከሁለቱም ብረቶች ትንንሽ ቁራጭ ወሰደ። ከሰሉ ውስጥ አግሎ ፍም ሲመስሉ ውሃ ውስጥ ነከራቸው። ከዚያ በተራ በተራ መስፉ ጠርዝ ላይ አድርጎ በመዶሻ መታቸው። የባሌስትራው ቁራጭ ቀጭ ብሎ ለሁለት ሆነ። ፌሮው ግን ጎበጠ እንጂ አልተሰበረም። ምሥጢሩ ካርቦን ነው። ባሌስትራ ከመቶው 0.6 ገደማ ካርቦን ስላለው ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ያንኑ ያህልም ተሰባሪ ይሆናል። ያ ፌሮ ግን ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ ውሃ ቢነክሩትም ገራም ነው። ስለዚህ መጥረቢያና ቢላዋ ከባሌስትራ ይወለዳሉ፤ መንጠቆና ማጠፊያ ከፌሮ። የጋሪ መንጠቆ ፈረሱ ደንግጦ ሲስበው መጉበጥ አለበት። የጎበጠ መንጠቆ ተመልሶ ይቃናል፤ የተሰበረ ግን ጋሪውን ከነጭነቱ ቁልቁለት ላይ ትቶት ይሄዳል። ባሌስትራውንም ቢሆን ስለት ሲያደርገው ቀጥቃጩ በዘይት ነው የሚያቀዘቅዘው፤ ውሃ ይፈጥንበትና ይሰነጥቀዋል። ከዚያም መልሶ ቀስ ብሎ ያሞቀዋል፤ የተወለወለው ጠርዝ የገለባ መልክ ሲይዝ፣ 230 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማለት ነው፣ ከእሳቱ ያወጣዋል። ቴርሞሜትር የለውም፤ ዓይኑ ይበቃዋል።

አጎቴ ከንፈሩን መጠጠ። እሱ አንድ ስኒ አቦል ጠጥቶ የሚደርስበትን ሰውዬው በአንድ ምት ደረሰበት።

ቀጥሎ የተሰነጠቀው ዘንግ መጣ። ቀጥቃጩ ከፌሮ ቀለበት ሠራለት፤ ከእንጨቱ ጥቂት የጠበበ። «አይገባም» አለ አጎቴ፣ ሳይጠየቅ። ቀለበቱ እሳት ውስጥ ገባ። ዙሪያው 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብረት 600 ዲግሪ ሲሞቅ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ትንሽ ይመስላል እንጂ ሥራው የሚያልቀው በዚያች 2 ሚሊ ሜትር ነው። በጉጠት ይዞ ዘንጉ ላይ አንሸራተተው። እንጨቱ ጨሰ፣ ውሃ ፈሰሰበት፣ ብረቱ ተኮማተረ፣ ስንጥቁም አፉን ገጠመ። አጎቴ በሽምግልና ዘመኑ ካስታረቃቸው ባልና ሚስቶች አንዱም እንዲህ ጠብቆ አያውቅም።

ቀጥቃጩ ሁሉን ብረት አይቀበልም። አጎቴ ከሞተ የውሃ ፓምፕ የተረፈ ነጭ ቱቦ ይዞ ነበርና ለማጠፊያው እንካ ቢለው እጁን እንኳ አልዘረጋም። ቱቦው ዚንክ የተቀባ ነው። ዚንክ እሳት ሲያገኝ ነጭ ጭስ ይሆናል፤ የተነፈሰው ሰው ማታውን በትኩሳትና በብርድ ብርድ ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ሌላው የማይቀበለው ከጦርነቱ የቀረ ብረት ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ ሜዳ ያየውን አይቷል፤ እረኞች ከማሳ ዳር ምንነቱን የማያውቁትን ነገር አንሥተው ሊሸጡለት ይመጣሉ። ያን ጊዜ ቀልድ የለም። «ካነሣችሁበት አትመለሱ፣ ያላነሣችሁትንም አትንኩ፤ ለሚመለከተው ሰው ንገሩ» ብሎ ይቆጣቸዋል። የብረትን ዘር የሚያውቅ ሰው የትኛው ዘር እሳት ፊት መቅረብ እንደሌለበትም ያውቃል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ያለው ሰው ግን እኛ ዘንድ ዘሩ አይቆጠርም፤ ወይም ተቆጥሮ አንደኛው ቤት ላይ ያቆማል። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባላል፣ ዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ አፍን ያዘ እንጂ ሆድን የነካው አይመስልም። እኔን የሚገርመኝ የጅቡ ነገር ነው። ከጠዋት እስከ ማታ መዶሻ ሲያነሣ ሲጥል የዋለ ሰው ሌሊት ጅብ የሚሆንበትን አቅም ከየት ያመጣዋል? እኔ ያየሁት እንጀራውን ሳይጨርስ እንቅልፍ ሲጥለው ነው።

አጎቴ ዝምታው ሲበዛበት ወሬውን ወደሚወደው ወሰደ፤ ወሎ ውስጥ ስሙ ወደ ገነነው ሠረገላ። ዓፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው መድፍ፣ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. በሠረገላ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነበር። ተራራ እየተናደ መንገድ ይወጣል፣ ሰው በገመድ ይጎትታል። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። «ቅድመ አያቴ ገመዱን ከያዙት አንዱ ነበር» አለ አጎቴ። ሮቢት ከዚያ መንገድ የትና የት ነው፤ ለአጎቴ ዘር ግን ርቀት ችግር ሆኖ አያውቅም።

ቀጥቃጩ መዶሻውን ሳያቆም፦ «ገመዱን የያዘውንስ አወቅን። መድፉን የሠራው የማን ልጅ ነበር?» አለ።

«ፈረንጅ ነው የሠራው።»

«ታዲያ ፈረንጁም አንጥረኛ ኖሯል። እሱን ጅብ ያለው አለ?»

አጎቴ መልስ አጣ። የጋፋቶቹን ባለሙያዎች ነገር እኔም አነበብኩ፤ ከመካከላቸው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የሚባለው የጆን ቤልን ልጅ አግብቷል። ቤል የንጉሡ ባለሟል የነበረ እንግሊዛዊ ነው፤ የልጅቷ እናት የአገራችን ሰው። ሰባት ቤት ይቆጠር ያለ ሽማግሌ መኖሩን የጻፈ አላገኘሁም። ከሩቅ የመጣ እጅ ሲቀጠቅጥ ጥበብ፣ የጎረቤት እጅ ሲቀጠቅጥ ቡዳ።

መጨረሻ ላይ ሁሉም ተሠራ፤ መንጠቆው፣ ሁለቱ ማጠፊያዎች፣ ቀለበቱ፣ የጎማው ማገጃ። ጋሪው ላይ አንድም አዲስ ብረት የለም። ቀጥቃጩ ዋጋውን ሲነግረው አጎቴ ደረቱን ይዞ ተቀመጠ። ተከራከረ፤ አልሆነም። ማለ፤ አልሆነም። ያን ጊዜ ዓይኑ እንደ ሠርግ ቤት በራ።

«ቆይ፣ የእናትህ አባት የየት አገር ሰው ነበር?»

ቀጥቃጩ ነገረው። አጎቴ ጣቶቹን ማጠፍ ጀመረ። በዚህ ወጣ፣ በዚያ ወረደ፣ አንዲት የተረሳች አክስት ከመቃብር ቀሰቀሰ፤ በአምስተኛው ቤት ላይ «ዘመዴ ነህ!» ብሎ ተነሣ። «ለዘመድ እንዲህ ያለ ዋጋ ይባላል?»

ቀጥቃጩ ላቡን ጠረገ። «ለዘመድስ ግማሹን እተዋለሁ» አለ። «ግን ይህን ዝምድና በገበያ ቀን፣ ሰው መሃል ቆመው ይናገሩልኝ።»

አጎቴ ኪሱን ዳበሰ። ክብሩን አሰበ፣ ብሩን አሰበ። በገበያው ቀን በታደሰው ጋሪ ላይ ቆሞ የቀጥቃጩን ዘር እስከ አምስት ቤት ቆጠረ፤ ድምፁም አልተንቀጠቀጠም። የምኒልክ አዋጅ ከመቶ ዓመት በላይ ያልቻለውን የግማሽ ዋጋ ቅናሽ በአንድ ረፋድ ቻለው።

የሮቢት ሰው ደግሞ ነገር አይጠፋውም። በሳምንቱ ማረሻ ሊያስቀጠቅጥ የሄደ ሁሉ በእናቱም በአባቱም በኩል የቀጥቃጩ ሥጋ ሆኖ ተገኘ። አሁን ሰውዬው ዘመድ በዝቶበት ቅናሹን አቁሟል።