ጓጉንቸር በሰላም መንገድ

የከተማችን ስም ፍኖተ ሰላም፣ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። ከመሸ በኋላ ግን ሰላማችንን የምንጠብቀው በቁልፍ ነው። ጎረቤቴ ጋሼ በቀደም ቡሬ ገበያ ሄደው ጡብ የሚያህል ጓጉንቸር ገዙ። «ይኼ በመጋዝ አይበገርም!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አይበገርም። ማንጠልጠያው ግን የባሕር ዛፍ መቃን ላይ በሁለት አጫጭር ምስማር ነው የተመታው፤ ሌባ ምን መጋዝ ያስፈልገዋል፣ ጉጠት ይበቃዋል። ብሎን አሻግረው ከውስጥ በኩል በዳዶ ቢያጠብቁት ይሻላል ብላቸው፣ «ብሎን ተወደደ» አሉ። ግድግዳው ጭቃ መሆኑን አላነሳሁባቸውም፤ ጉርብትና ነው። ገጠር ያለው ወንድማቸው በእንጨት መወርወሪያ ዘግቶ፣ ውሻውን ፈቶ ይተኛል። የእሳቸው ቁምሳጥን እንኳ ይቆለፋል፣ መክፈቻው እላዩ ላይ እንደተሰካ። የጓጉንቸሩ መክፈቻማ በምስጢር ነው የሚቀመጠው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ድንጋይ ሥር።