ደብረ ብርሃንን በድንኳን

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የሊድቪል የተራራ ብስክሌት ውድድር የሚካሄደው ደግሞ በነሐሴ ነው። ስለዚህ እኛ ኮሎራዶ የምንኖር ሐበሾች ጉዱን በወቅቱ ሰምተን፣ ጨርሰን፣ አዲሱን ዓመት ያለ ዕዳ እንቀበላለን።

የዘንድሮው ጉድ የአንድ ወዳጄ ዝግጅት ነው። አውሮራ ውስጥ ጎረቤቴ ነው፤ ለውድድሩ በዕጣ ከደረሳቸው አንዱ ነው። ዕጣው የወጣለት ቀን የጨፈረውን ያህል የዲቪ ሎተሪ የደረሰው ዕለት እንኳ አልጨፈረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ቀን ሥራ ሳይፈታ ሲዘጋጅ ከርሟል። እኔም ዝግጅት ማለት ምን እንደሆነ የተማርኩት ከሱ ነውና፣ ትምህርቱን ለብቻዬ ይዤ መቅረቱ ንፉግነት መሰለኝ።

መጀመሪያ ስለ ውድድሩ። ሊድቪል ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጠች የማዕድን ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1982 የክላይማክስ ማዕድን ሠራተኞቹን ሲበትን ከተማዋ ሥራ ፈታች። ኬን ክሎበር የተባለ ማዕድን ቆፋሪ በማግስቱ ዓመት፣ እንግዳ ይመጣልን እንደሆነ ብሎ፣ የ100 ማይል የእግር ሩጫ አስጀመረ። ብስክሌቱ በ1994 ተከተለ። መንገዱ ድንጋይና ጎርፍ የቦረቦረው አቧራ ነው፤ ርዝመቱ ከ160 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ኮሎምባይን የሚባለው አቀበት ከ3,700 ሜትር በላይ አውጥቶ ይመልሳል። በ12 ሰዓት ውስጥ የጨረሰ የቀበቶ ዘለበት ይሸለማል፤ በ9 ሰዓት ውስጥ የጨረሰ ትልቁን ዘለበት። እንግዲህ የከተማ ድህነት ለማስታገስ የተፈጠረ ውድድር ነው፤ ወዳጄን ሊያደኸየው ምንም አልቀረውም።

የዝግጅት አንደኛው ምዕራፍ ክብደት መቀነስ ነው፤ የብስክሌቱን ማለቴ ነው። አንድ ቅዳሜ ጋራዡ ስገባ ባለቤቱ በርበሬ የምትመዝንበትን ሚዛን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ የውሃ ኮዳ መያዣውን ብሎኖች አንድ በአንድ ይመዝናል። ከሚዛኑ የቀረው የበርበሬ ብናኝ ያስነጥሰዋል፤ ባስነጠሰ ቁጥር ብሎኑ ይንከባለላል፤ እሱም በእንብርክኩ ይከተለዋል። «ብረቱን በታይታኒየም ለውጬ 14 ግራም ቀነስኩ!» አለኝ፤ ፊቱ ልጁን እንደዳረ አባት በርቷል። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። ሚዛኑ ላይ ያልወጣ አንድ ዕቃ ግን ነበር፤ እሱም ከቀበቶው በላይ ተንጠልጥሎ አብሮት ይንበረከካል። በግራም ከተቆጠረ ሒሳቡ ብዙ ቤት ይፈጃል። እንደኔ እንደኔ ዘለበቱን ቢሸለምም ችግር ነው፤ ቦርጩ ጋርዶት ማን ሊያይለት?

ሁለተኛው ምዕራፍ አየር ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ሰውነት አስቀድሞ ቢለምደው ይሻላል ይባላል፤ ይህ እውነት ነው። ወዳጄም የመኝታ ድንኳን ገዛ። ድንኳኑ አልጋውን ይሸፍናል፤ ከጎኑ የተቀመጠው ማሽን እየጮኸ ኦክስጅኑ የሳሳ አየር ይነፋበታል። ባለቤቱ ጩኸቱን ሸሽታ ሳሎን ሶፋ ላይ ማደር ከጀመረች ሁለት ወር ሆናት። ማሽኑ ላይ ያለውን ቁጥር በኩራት አሳየኝ፦ 2,800 ሜትር።

ይህ ሰው ተወልዶ ያደገው ደብረ ብርሃን ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። እስከ 18 ዓመቱ ያንን አየር በነፃ ምጎታል፤ ያውም ጠዋት ጠዋት በውርጭ እየሮጠ ትምህርት ቤት ሲሄድ። አሁን በክሬዲት ካርድ፣ በየወሩ እየከፈለ፣ መልሶ ይተነፍሰዋል።

እናቱ በቅርቡ ሊጠይቁት ከአገር ቤት መጥተው ነበር። መኝታ ቤቱን ከፍተው ልጃቸውን ድንኳን ውስጥ ተዘግቶ ቢያዩት፣ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው አማተቡ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ሆንክብኝ? የሚጋባ በሽታ ነው እንዴ?»

«አይደለም እማዬ፣ አየር እንዲያጥረኝ ነው።»

«እንዲያጥርህ? ሌላው አየር አጠረኝ ብሎ ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ አንተ እንዲያጥርህ ብለህ ትከፍላለህ?» ትንሽ አሰቡና ደግሞ «ታዲያ እኛ ዘንድ ሞልቶልህ! መጥተህ ብታድር ምን ነበረበት? እኔንም በዚያው ታየኝ ነበር» አሉት።

ሦስተኛው ምዕራፍ ስንቅ ነው። እናቱ ከሻንጣቸው ውስጥ የገብስ በሶ አውጥተው ሰጡት። ሳመና ተቀበላቸው፤ ቁም ሳጥኑ አናት ላይም አኖረው፤ እስካሁን እዚያው ነው። አያቶቻችን የወር መንገድ የሄዱበት በሶ ማሸጊያው ላይ የብስክሌተኛ ሥዕል የለበትማ! እሱ የሚያምነው በትንሽ ከረጢት ታሽጎ የሚሸጠውን፣ ሙጫ የመሰለውን ጣፋጭ ጄል ነው። አንዱ ከረጢት ውስጥ 25 ግራም ግድም ካርቦሃይድሬት አለ። ለረጅም ውድድር በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ይመከራል፤ በ12 ሰዓት ሲሰላ 29 ከረጢት ቢያንስ፣ 43 ቢበዛ። ወዳጄ 43ቱንም ገዝቷል። በምን እንደሚሸከማቸው ገና አልወሰነም፤ አህያ በውድድሩ ይፈቀድ እንደሆነ ደንቡን እያነበበ ሳይሆን አይቀርም። ሆድም እንደ እግር ልምምድ እንደሚፈልግ፣ ኮርቻ ላይ ሆኖ አንዱን እንኳ ቀምሶ እንዳላየ ብነግረው «ዕቃው ውድ ነው፤ ለዕለቱ ይቆይ» አለኝ።

ታሪክ ካነሳን ሊድቪል ራሷ ለወዳጄ ትምህርት ጥላለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የእግር ሩጫውን ያሸነፈው ቪክቶሪያኖ ቹሮ የሚባል የ55 ዓመት ሰው፣ ታራሁማራ ከሚባለው የሜክሲኮ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ነው፤ እግሩ ላይ የነበረው ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ሰንደል። በረባሶ በሉት። በብስክሌቱም በ2008 ላንስ አርምስትሮንግን ያህል ሰው ቀድሞት የገባው ዴቭ ዊንስ ነው፤ እዚያው ኮሎራዶ ተራራ ላይ የሚኖር፣ ውድድሩን ለስድስተኛ ተከታታይ ጊዜ ያሸነፈ ሰው። አርምስትሮንግ በዓመቱ ተመልሶ ሲያሸንፍ ደግሞ የመጨረሻውን መንገድ የነዳው የኋላ ጎማው ተንፍሶ ነው። ይህን ለወዳጄ ስነግረው በጥሞና ሰማኝ፤ በማግስቱም የማይተነፍስ የሚባል ጎማ አዘዘ።

አትሳሳቱ፤ ዕቃ ሁሉ ከንቱ አልልም። ፍሬኑ የማይዝ ብስክሌት ይዞ ቁልቁለት መውረድ ነፍስ ማጥፋት ነው። ግን ፓወርላይን የሚባለው አቀበት 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተነዳ በኋላ ይመጣል፤ ብዙው ሰው እዚያ ወርዶ ብስክሌቱን ይገፋል። እዚያ ላይ ታይታኒየሙ አይገፋልህም። ጎማህ ሲፈነዳ በዚያ ጫካ ጎሚስታ የለም፤ እጅህ ካልለመደ ካላማዳሪው ኪስህ ውስጥ ጌጥ ነው። ኮርቻ ላይ ስድስት ሰዓት ተቀምጦ የማያውቅ መቀመጫ፣ አሥራ ሁለቱን በምን ተአምር ይችላል? ይህ የሚገኘው በመንዳት ብቻ ነው። መንዳት ደግሞ አይሸጥም፤ በፖስታ አይመጣም፤ ካልወደዱት አይመለስም። ከሁሉ የከፋው፣ ያልባል። ለዚህ ነው ገበያው ከመንዳት በቀር ሌላውን ሁሉ በደስታ የሚያቀርብልን። እኛም ካርዳችንን በሳብን ቁጥር አንድ አቀበት የወጣን ይመስለናል።

ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው ነበር። ግሪን ማውንቴን የሚባለው ተራራ ከቤቱ በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ በነፃ ነው፤ ድንጋዩም የልብ ያደርሳል።

ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወዳጄ ብስክሌቱን ሊያስመርቀኝ ጠራኝ። ብስክሌቱ ጋራዡ መሐል ቆሞ፣ መብራት ተቀጣጥሎለት፣ ሙሽራ መስሏል። ዋጋውን ነገረኝ፤ ክብደቱን ነገረኝ፤ በአንድ ጣቱ አንስቶም አሳየኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ ጎማውን ዳሰስኩት። አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚኖረውን ቀጫጭን የላስቲክ ፀጉር ታውቁታላችሁ፤ መንገድ ሲነካ የሚረግፈውን።

አንዱም አልረገፈም።