አደራ፣ ወንበሩ ላይ እንዳይቀመጡ!

ሥልጣኔ ካመጣልን በረከት ሁሉ አንጀቴን የሚያርሰኝ ሰው ወንበር ገዝቶ ቆሞ መዋል መጀመሩ ነው። ድሮ ይህ አልገባንም ነበር፤ ወንበር መቀመጫ ይመስለን ነበር። የአያቶቻችንማ አይነሣ! ዋንዛውን ጥለው፣ በምሳር ጠርበው፣ በመሮ ፈልፍለው፣ ሦስቱን እግርና መደገፊያውን ከአንድ ግንድ ካወጡ በኋላ ምንም ሳያፍሩ ይቀመጡበት ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ደኅና ሳሎን ብትገቡ ያ የጅማ ወንበር የምንለው ባለ ሦስት እግር ከጥግ ቆሞ፣ ትንሽ አምፖል በርቶለት ታገኙታላችሁ። ወደ እርሱ ጠጋ ስትሉ የቤቱ እመቤት ከወጥ ቤት ሮጣ ትመጣለች፦ «አደራ፣ እዚያ ላይ እንዳይቀመጡ! አንቲክ ነው።» ከዚያ ላስቲኩ ገና ያልተገፈፈ ሶፋ ላይ ያስቀምጧችኋል፤ እሱም እንዳይጎዳ ጠርዙ ላይ።

ጨዋነቱም አብሮ ተሻሽሏል። ድሮ እንግዳ ሲገባ «ኖር!» እያሉ ከመቀመጫ መነሣት ነበር፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሽማግሌ ፈተና። አሁን መጀመሪያውኑ ማንም ስላልተቀመጠ ማንም አይነሣም። አንዳንድ ባህላዊ ምግብ ቤትማ በርጩማውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ይባል ነበር፤ እኛ መቀመጫውን ራሱን ሰቅለን ተገላገልን።

ወደ እኛ፣ ካፋ ውስጥ ወዳለችው ቢታ ገነት፣ ይህ ሁሉ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ከአዲስ አበባ ቦንጋ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከቦንጋ ወዲህ ያለውን መንገድ ደግሞ ፋሽን ቀርቶ አይሱዙም በክረምት አስቦበት ነው የሚገባበት። ቢሆንም ዘገየ እንጂ አልቀረም። «አሮጌ በርጩማ የሚገዛ ሰው መጣ» ሲባል በመጀመሪያ ማገዶ የቸገረው መስሎን አዝነንለት ነበር። ሰውየው አንዲት ጎረቤቴ ደጃፍ ቆሞ ሲደራደር አጠገባቸው ነበርኩ።

«እማማ፣ በርጩማዋን ይሽጡልኝ።»

«የትኛዋን ልጄ?»

«የተቀመጡባትን።»

«እኔስ ምን ላይ ልቀመጥ?»

«አዲስ የፕላስቲክ ወንበር አመጣልዎታለሁ፤ መደገፊያም የክንድ ማሳረፊያም ያለው።»

እማማ ተነሥተው በርጩማዋን አገላብጠው አዩዋት። አንዱ እግሯ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። «ይቺማ ስንጥቅ ናት፤ ጓዳ ደኅናዋ አለችልህ፣ አምና ያስጠረብኳት» አሉት፤ እንዳይሞኝ ብለው። ሰውየው ደኅናዋን ለማየት እንኳ አልፈቀደም። ሽቦውን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ «እባክዎ ይሄ እንዳይፈታ» አለ። እማማ እኔን ዞር ብለው አዩኝ። ዓይናቸው «ይሄን ልጅ ወደ ቤተሰቡ የሚያደርስ ሰው የለም ወይ?» የሚል ነበር።

ሽያጩ ተፈጸመ፣ በርጩማዋ ሄደች፣ የፕላስቲኩ ወንበር ምድጃው አጠገብ ተተከለ። እማማ ቡና ሊቆሉ ሲቀመጡበት ጭሱ ፊት ለፊት ተቀበላቸው። ለካስ በርጩማ ዝቅ ብሎ የተሠራው ከድህነት የተነሣ አይደለም፤ ጭስ ሽቅብ ስለሚሄድ ከሥሩ ለመሆን ነው። ሦስት እግር የሆነውም እንጨት ለመቆጠብ አይደለም። ወለሉ አፈር ነው፤ አፈር ደግሞ ልክ የለውም። አራት እግር ያለው ነገር ወጣ ገባ ላይ ሲንገጫገጭ ባለ ሦስት እግሩ የትም ቢያኖሩት ይረጋል። ይህን ሁሉ ዘዴ የያዘውን ዕቃ ገዢው ወስዶ ሴራሚክ ላይ ያቆመዋል፤ ጭስ በሌለበት፣ ወጣ ገባ በሌለበት። ልሙጡ ወለል ላይ በሦስቱም እግሩ ይንሸራተታል። ጡረታ ማለት ይኸው ነው።

ለመሆኑ አንቲክ ወንበር እንዴት ይመረጣል? ወገኔ እየተታለለ ዝም ማለት አልችልም፤ የማውቀውን ላካፍል። ከሁሉ በፊት ጥቁረቱን እዩ። ዋንዛ ሲጠረብ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። የሚያጠቁረው ጭሱ፣ ቅቤውና የተቀማጩ ገላ ነው። ስለዚህ ጥቁሩን ምረጡ፤ በጠቆረ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ያ ጥቁረት የአንዲትን ሴት ዓይን ዕድሜ ልክ ያስለቀሰ፣ ደረቷን የዘጋ ጭስ ነው፤ እናንተን ግን አይመለከታችሁም። እናንተ የምትገዙት ጭሱን ነው፤ ሳሉ ከባለቤቷ ጋር እዚያው ይቀራል። ለጥቁር በርጩማ የሚከፈለው ገንዘብ ለጭስ ማውጫ ቢውል ደግሞ በርጩማ አይጠቁርም፤ አገርም አንቲክ ያጣል። ይህን የሚያስብ ጠላት ነው።

ሻጩ አዲሱን በጫማ ቀለምና በቡና አተላ አጥቁሮ ቢያመጣላችሁም አትቆጡ። እንዲያውም አመስግኑት፤ ማንም ሳይሳል ጥንታዊነት ተገኘ።

ቀጥሎ የሚታየው ወሬው ነው። ወሬ የሌለው አሮጌ ወንበር ቁራሌው ከተሰበረ ባልዲ ጋር ጠቅልሎ የሚወስደው ዕቃ ነው፤ ወሬ ያለው ግን ቅርስ ነው። በአዲስ አበባ አሮጌ ወንበር ሁሉ ሁለት የትውልድ ቦታ ብቻ አለው፦ ወይ «የጣሊያን ጊዜ» ነው፣ ወይ «ከጃንሆይ ቤት የወጣ» ነው። በምን አለሽ ተራ የተገዛው ሳይቀር። ጃንሆይ 44 ዓመት ነገሡ፤ እስካሁን «የጃንሆይ» ተብሎ የተሸጠው ወንበር ቢሰበሰብ ግን በነዚያ ዓመታት ውስጥ ንጉሡ ቀን ከሌሊት ከአንዱ ወደ አንዱ እየተዘዋወሩ ሲቀመጡ ኖሩ ማለት ነው። ኮሪያ ዘማች የላኩት መቼ ነው? የአፍሪካ አንድነትን የመሠረቱትስ በየትኛው ሰዓት?

ካፋ ግን ዕቃውን የሚወድለት እንግዳ ዛሬ አይደለም ያየው። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ዘምቶ የመጨረሻው ታቶ፣ ማለትም የካፋ ንጉሥ፣ ጋኪ ሻሮቾ ከተያዘ በኋላ የካፋ ዘውድ በአልፍሬድ ኢልግ እጅ እስከ ስዊዘርላንድ ተጉዟል፤ የተመለሰውም እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ዘውዱ ሲመለስ ባለ ዘውዱ አልነበረም። ፍሪድሪክ ቢበር የሚባል የቪየና ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1905 ካፋ ደርሶ፣ ስለ ሕዝቡና ስለ ኑሮው በሁለት ጥራዝ ጽፏል፤ የሰበሰበውም ዕቃ ቪየና ሙዚየም ገብቷል። በቢበር ለመፍረድ እጄ አይፈጥንም፤ ቢያንስ ጠይቆ ጽፏል። የዛሬው ገዢ የእማማን ስም እንኳ አልጠየቀም። ሙዚየም ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ጅማ የዳግማዊ አባ ጅፋርን ንብረት በሙዚየም አኑራለች፤ እዚያ ገብቶ ካልተቀመጥኩ የሚል ባለጌ ነው። እኔ የምለው የሰው ሳሎን ከመቼ ወዲህ ሙዚየም ሆነ ነው።

«ታሪክ ያለው ወንበር ነው የምፈልገው» ይላሉ ደግሞ። እሺ፤ ታሪኩን ሳትቆርጡ ውሰዱት እንጂ። በካፋ ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን ከሌላው ቤት ገብተው እኩል መቀመጥና አብረው መብላት ተነፍጓቸው፣ ከደጅ ሲቆሙ የኖሩበት ዘመን ረጅም ነው። ነገሩ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ያቺ አምፖል የበራላት በርጩማ ማንን አስቀምጣ ማንን ከደጅ እንዳቆመች የዋጋ ወረቀቷ ላይ አልተጻፈም። ደግነቱ ሳሎኑ ይህንንም ፈትቶታል፤ አሁን ባለጸጋውም ድኻውም፣ የበላይ የሚባለው ጎማሮም ማንጆውም፣ ሁሉም እኩል እንዳይቀመጥባት ተከልክሏል። ከዚህ የበለጠ እኩልነት ከየት ይመጣል?

ውጭ የኖሩት ወገኖቻችን ከኛ አንድ እርምጃ ቀድመዋል። የኛን በርጩማ እዚያ በመቶዎችና በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይገዙታል፤ ለኛ ደግሞ የፈረንጁን አሮጌ ያመጡልናል። ወደ ኋላ የሚንጋለል፣ እግር የሚያነሣ ወንበር ማለቴ ነው። እንግሊዞቹ እነ ዊልያም ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መደገፊያው የሚዘነበል የእንጨት ወንበር ሸጠዋል፤ ሁለት የሚሺጋን የአጎት ልጆች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1928 የራሳቸውን ሠርተው «ሌዚ ቦይ» አሉት። ሰነፉ ልጅ እንደ ማለት ነው፤ አሜሪካኖች ሲሸጡ እንኳ አይዋሹም። ታዲያ አንድ ዘመዴ ከነዚህ አንዱን፣ በቆዳ የተለበጠ አሮጌ፣ ለአባቱ ብሎ ቢታ ገነት ድረስ አስጫነው። እኛ ዘንድ በዓመት ዝናብ የማይጥልበት ወር ጥቂት ነው። ቆዳው በመጀመሪያው ክረምት ሻገተ፣ ስፕሪንጉ ዛገ፣ ወንበሩ እንደተንጋለለ ቀረ። አባትየው አንድ ቀን ሞክረውት «ለመነሣት ሰው መጥራት አለብኝ» ብለው ወደ መደባቸው ተመለሱ። አሁን ዶሮ ታቅፋበታለች። ካየኋቸው አንቲኮች ሁሉ በሥርዓቱ የተቀመጠ ፍጡር ያየሁት እዚያ ላይ ብቻ ነው።

አዛውንቱ እውነት አላቸው። ቀፎ ሰቅሎ ከዛፍ ለወረደ ሰው መንጋለያው መደብ ነው፤ ቁርበት ተነጥፎ፣ አንገት ሥር ብርኩማ ገብቶ። የሐመር ወንድ መቀመጫውም ትራሱም የሆነችውን በርኮቶ ይዞ ይዞራል፤ የትም ሲደክመው የትም ጋደም ይላል። ለዚህ ማኑዋል አያስፈልግም።

ሕግ ደግሞ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። ስለዚህ ወንበሯ ከቤት ስትወጣ «የጃንሆይ ናት»፣ ቦሌ ስትደርስ «አይ፣ የአምና ሥራ ናት» ትባላለች። በአንድ ቀን እንዲህ የምትታደስ ነገር ሌላ አላየሁም። ዋንዛም የራሱ ሕግ ነበረው፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ስሙን ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎት ነበር። ዋንዛ ቆሞም ቢሆን ሥራ አይፈታም። ጥላው ለቡናው፣ ነጭ አበባው ለንቡ ነው፤ የካፋ ማር በከፊል የርሱ ነው። ሲያረጅ ሙቀጫ፣ ከበሮ፣ ቀፎ፣ በርጩማ ይሆናል። ችግሩ በርጩማ መጠረቡ አይደለም። በየጓሮው ተተክሎ አድጎ የሚጠረብ ዛፍ አለ፤ የጠፋው ጠራቢውን የሚያሠራው ሰው ነው። ገበያተኛው የፕላስቲክ ይገዛል፣ ባለ ሀብቱ የሞተ ሰው የጠረበውን ያሳድዳል፤ በመካከል መሮ የጨበጠው ሰው በሕይወት በመኖሩ ብቻ ገበያ አጥቷል። ሙያው የሚከበርለት ከሞተ በኋላ እንደሆነ ያልነገረው የለም፤ እርሱ ግን ልጆች ስላሉት መቸኮል አልፈለገም።

እንግዲህ ወንበር የምትፈልጉ ልመናዬን ስሙ። ካፋም ሆነ ጅማ ስትመጡ ጠራቢውን አፈላልጉት፣ ስሙን ጠይቁት፣ ባደገው የጓሮ ዋንዛ አዲስ በርጩማ እዘዙት። ቤታችሁ ስትወስዱት ተቀመጡበት፤ ልጆቻችሁም ይቀመጡበት፣ ይሰንጥቁት፣ በሽቦ ይሰሩት። ስታዙ በዋጋ አትከራከሩ፤ ለስንጥቋ ለመክፈል የተዘጋጃችሁትን ለዚህ ክፈሉት። ለእማማ የቀረችዋን ግን ተዉላቸው፤ ቡና ሊቆሉ ነው።