ገዳይዋን በገጽ 31 ላስተዋወቃችሁኝ አሳታሚዎች

ለተከበረው አሳታሚ ድርጅት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ባለፈው ያመጣሁት ማመልከቻ «ጉዳዩ» የሚል መስመር ስለሌለው ከጸሐፊያችሁ ጠረጴዛ አላለፈም፤ ዛሬ ጉዳዩን ከነስሙ አስቀምጫለሁ።

ያሳተማችሁት የትርጉም መርማሪ ልብ ወለድ 300 ገጽ ገደማ ነው። እኔ ግን በገጽ 31 ተገላገልኩ። ደራሲው «አንድ ሰው» ብሎ ሸፋፍኖ ያለፈውን፣ የእናንተ ተርጓሚ «ቀስ ብላ ገብታ መርዙን ጨመረችበት» ብሎ ቁጭ አደረገው። በዚያ ቤት ያለችው ሴት ደግሞ አንዲት ብቻ ናት! አማርኛ ግሱ ሴትና ወንድ እንደሚለይ የማያውቅ ሰው አማርኛ ተርጓሚ ሲሆን ያየሁት ገና በእናንተ ነው። «በሩ ተከፈተ፤ መርዙ ብርጭቆው ውስጥ ገባ» ቢል ምን ይጎድልበት ነበር?

አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1926 ያሳተመችው «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» ወጥመዱ ሁሉ የተዘረጋው ተራኪው በሚናገረውና ዘሎ በሚያልፈው ነገር መካከል ነው። ማን እንደ ገደለ አልነግራችሁም፤ እኔ አሳታሚ አይደለሁም። ነቢይ መኮንን ደግሞ በደርግ እስር ቤት ሆኖ፣ የማርጋሬት ሚሸልን ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጉሞ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ሰጥቶናል። እናንተ ወረቀቱም ወንበሩም ሞልቶላችኋል።

የሽፋኑን ሙጫ፣ ሁለት ጊዜ የታተመውን ምዕራፍ፣ የትም ያልተጠቀሰውን የተርጓሚ ስም፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል የቅጂ መብት ሕግ መኖሩን ዛሬ አላነሳም።

የማነሳው ቢሮአችሁ የተደረገልኝን መስተንግዶ ነው። ሊፍቱ ስለማይሠራ አራተኛ ፎቅ በደረጃ ወጣሁ። ጸሐፊዋ ስልኳን ሳትዘጋ በአገጯ አግዳሚውን አሳየችኝ። ከኋላዬ የመጡ ሁሉ እየቀደሙኝ ሲገቡ፣ ዝም ብዬ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን «ደንበኛ ንጉሥ ነው» አነባለሁ። በመጨረሻ አርታኢው ማኪያቶውን ይዞ ብቅ አለ። በቀይ ያሰመርኩበትን ገጽ ገልጬ ሰጠሁት። ተቀብሎኝ ለባልደረቦቹ ጮክ ብሎ አነበበላቸውና «አባባ፣ ሴት መሆኗ ነው ያስከፋዎት?» ሲል ቢሮው በሳቅ አውካካ። ማኪያቶውን መጽሐፌ ላይ አስቀመጠ። ቀጥሎም «በዚህ ዕድሜዎ ልብ ወለድ ትተው ዳዊት ቢደግሙ አይሻልዎትም?» አለኝ።

ልብ በሉ፣ በ«እርስዎ» ነው የሰደበኝ። በመጽሐፉ ውስጥ ኢንስፔክተሩ ባለርስቱን «አንተ»፣ አትክልተኛውን «እርስዎ» እያለ፣ ገጽ ሲገለበጥ ደግሞ እያፈራረቀ አንጀቴን አቁስሎት ነበር። ለካ አክብሮቱን አርታኢው ለእኔ ቆጥቦት ኖሯል።

አንተ ልጅ፣ ዳዊቴን የደገምኩት ገና ሳይነጋ፣ አንተ ተኝተህ ሳለህ ነው! ምን አገባህ? ብሬን ቆጥሬ ገዛሁ፣ አነበብኩ፣ ስህተትህን ለቅሜ በእግሬ አመጣሁልህ። ይህ ምኑ ነው የሚያስቀው? ነውር ነው። አባት የለህም?

ይቅርታ፣ እርስዎ ማለቴ ነው።

ከዚያ ጥበቃው ተጠርቶ «አባባን ደግፋቸው» ተባለ። እንደ ሌባ ክንዴን ይዞ አወረደኝ። በር ላይ መጽሐፉን አየና «የድርጅቱ ንብረት ነው፤ ደረሰኝ?» አለኝ። መንገድ ላይ አዟሪ ደረሰኝ ቆርጦ ያውቃል? ቀማኝ።

ስለዚህ የፊታችን ሰኞ ልጄን እልካለሁ፤ ሽፋኑ ላይ የማኪያቶ ክብ ያረፈበት የእኔ ነው። ደረሰኝ ካላችሁትም ግድ የለም፤ የገዳይዋን ስም ከነአባቷ አስጠንቼ ነው የምልከው።

ከሰላምታ ጋር
አንባቢያችሁ