የሚጮኽ ርእስ ጥቅሞች

የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያ ርእስ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የሚተረጐመውን መጽሐፍ ስም ይናገራል፣ ሌላው አንባቢውን በኮሌታው ይዞ ይነቀንቃል። የመጀመሪያው የቆየ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው የአንድምታ ትርጓሜ ለኅትመት ሲበቃ ሽፋኑ ላይ የሚሰፍረው የመጽሐፉ ስምና «ንባቡና ትርጓሜው» የሚል ነው። ማቴዎስን የሚተረጕም ማቴዎስ ይባላል፤ ዳዊትን የሚተረጕም ዳዊት። በዚህ ርእስ የደነገጠ ሰው አልተሰማም፤ የአሠራሩ ትልቅ ጉድለትም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ጉድለቱን ሊሞላ የመጣ ነው። ርእሱ በጥያቄ ምልክት ወይም በቃለ አጋኖ ያበቃል፤ ቦታ ከተረፈ በሁለቱም። «የተደበቀው»፣ «ያልተነገረው» እና «666» አይጠፉበትም። ጥቅሙም ብዙ ነው። ርእሱን ያነበበ ውስጡን ከማንበብ ይድናል፤ አንዳንዴም ጸሐፊው ውስጡን ከመጻፍ ድኗል። ገበያውም አይደርቅም፤ አሜሪካዊው ኤድጋር ዊዝናንት ምእመናን እ.ኤ.አ. በ1988 ወደ ሰማይ የሚነጠቁባቸውን 88 ምክንያቶች ከነቍጥራቸው በርእሱ ላይ አስፍሮ አሳተመ። ዓመቱ ማንም ሳይነጠቅ አለፈ፤ ለ1989 ሌላ መጽሐፍ ወጣ።

ትልቁ ጥቅም የሚገለጠው ግን ልማዱ ምሥራቅ ጎጃም ጉባኤ ቤት ሲገባ ነው። ብቸና አቅራቢያ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩበትና በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ስሙን ያስጠሩት ደብር ነው። ሞጣ ጊዮርጊስ ደግሞ በ18ኛው መቶ ዘመን የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ያስተከሉት ነው። በእንዲህ ያለ አገር የቆሎ ተማሪ «ምን ትማራለህ?» ሲባል «ብሉይ» ወይም «ሐዲስ» ብሎ ያልፋል። በአዲሱ ሥርዓት «ራእየ ዮሐንስ ከአንተ የደበቀው አስደንጋጭ ምሥጢር!» ብሎ መመለስ ግዴታው ይሆናል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ሲቆም ይህን የሰማች እመቤት ቁራሹን እንደያዘች በሯን ትዘጋለች። የተራበው ተማሪ ለዘብ ያለ ርእስ ፍለጋ ወደ መጽሐፈ ጦቢት ይዛወራል፤ የብቸናው የኔታ ግን በመጽሐፉ የሚነገረውን ዓሣ ይዘው እሱንም «ዓሣው ምን ደበቀ?» ብለው ሰይመው ይቆዩታል። ይህን የሰማ የሞጣ ጉባኤ ዝም አይልም፤ በዚያው መጽሐፍ የጦቢትን ልጅ ጦብያን ተከትሎ የሚሄድ ውሻ ስላለ «ዓሣው የደበቀውን ውሻው ያውቃል!» የሚል ርእስ ያወጣል። ጎንደር ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ የትርጓሜ ወገኖችን አፍርታለች፤ ምሥራቅ ጎጃምም በተራው ዓሣ ቤትንና ውሻ ቤትን ያፈራል። የውሻ ቤት ምሩቅ በዓሣ ቤት አጥቢያ እንዳያስተምር ደብዳቤ ይጻፋል። ሠርግ የሚፈርስበት፣ ዕድር የሚከፈልበት ጊዜ ይመጣል። መናኸሪያ ላይ ረዳቱ «ዓሣ ሞልቷል! ውሻ አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። በመጨረሻ አንድ የዋህ ሽማግሌ ጦቢት ራሱ ምን እንደሚል ሲጠይቁ፣ ሁለቱም ወገኖች መጽሐፉን እስከ ሽፋኑ ድረስ ጠንቅቀው እንደሚያውቁ በኩራት ያስረዳሉ።

በእግዚአብሔር ቃል ሰውን አስደንግጦ ብር መሰብሰብ ነውር ነው።

የቀድሞ ሊቃውንትም ከፍ ያለ ርእስ ይሰጡ ነበር የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። እውነት ነው፤ በ15ኛው መቶ ዘመን አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ድርሳናቸውን «መጽሐፈ ምሥጢር» ብለውታል። ሆኖም መጽሐፉን የገለጠ ሰው የመናፍቃንን ትምህርት እያነሣ መልስ የሚሰጥ ጥልቅ ሙግት ያገኛል። የዘንድሮው ምሥጢር ግን ብዙውን ጊዜ ከሽፋኑ አልፎ አይገባም።

የልዩነቱ ምክንያት ከአሠራሩ ይመነጫል። በአንድምታ ጉባኤ ተማሪው ንባቡን ያሰማል፣ መምህሩ ይተረጕማሉ፤ ለአንዱ ቃል አንድ ፍቺ ሰጥተው «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ፣ ከዚያም ሌላ። ተማሪው ሁሉንም ይዞ ያመዛዝናል፤ ለዚህም ዓመታት ይፈጅበታል። ትርጓሜው ከብዙ መምህራን አፍ የተጠራቀመ ስለሆነ የአንድ ሰው ዝና ማሳያ አይሆንም፤ የታች ቤት ትርጓሜ በ18ኛው መቶ ዘመን ከነበሩት ከመምህር ኤስድሮስ ጋር ቢያያዝም መጽሐፉ የሚጠራው በማቴዎስ ወይም በዳዊት ስም ነው። አምስት ፍቺ የያዘ ገጽ በአንድ ጩኸት አይጠቀለልም። ጩኸት የሚመቸው አንድ ሐሳብ ብቻ ላለው፣ እሱንም እንዳይመረመርበት ለሚፈራ ነው።

ርእስ የሚያስፈልገው መጽሐፉን ከመደርደሪያ ለይቶ ለማግኘት ነው። የኢዮብን ትርጓሜ የሚሻ ሰው ሽፋኑ ላይ «ኢዮብ» የሚል ካገኘ ይበቃዋል።