በእኛ አቆጣጠር

ባሕር ዳር ተወልጄ ማደጌን ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ እወዳለሁ። ጣና ላይ ታንኳ የተሳፈርኩት አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን፣ ያንንም ዓይኔን ጨፍኜ መሆኑን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በዚህ ዕውቀት ተማምኜ በፈረንጆቹ 2017 አናፖሊስ አቅራቢያ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ባለ 22 ጫማ አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዛሁ። በ1970ዎቹ የተሠራች የፋይበርግላስ ጀልባ ናት። ያኔ ርካሽነቷ ገርሞኝ ነበር፤ አሁን አይገርመኝም።

እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ቡና ላይ ለጓደኞቼ አወጅኩ፦ «በ2018 ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ላይ እንንሳፈፋለን!»

የጀልባዋ የላይኛው ወለል ስረግጠው እንደ ስፖንጅ ፍራሽ ይሰምጥ ነበር። ከላይና ከታች ፋይበርግላስ፣ መሃሉ ደግሞ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ነው፤ ውሃ በብሎን ቀዳዳ ሾልኮ ከገባ እንጨቱ ይበሰብሳል። ምርመራው ቀላል ነው፤ በመዶሻ እጀታ መታ መታ ማድረግ። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ዱብ ይላል። የእኔ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ምን አደረግሁ? የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ገዝቼ ብሎኖቹን ሁሉ ለቀለቅኳቸው። ውሃውን እዚያው ውስጥ ቆለፍኩበት ማለት ነው። ሲሊኮን በነካው ቦታ ላይ ደግሞ ቀለምም ኢፖክሲ የሚባለው ማጣበቂያም እንደማይዝ የተረዳሁት፣ አንድ ሙሉ በጋ በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ከርሜ ነው።

በመጨረሻ ወለሉን ቆርጬ ከፈትኩት። የገዛሁት ኢፖክሲ ልኩ አምስት እጅ ሬዚን፣ አንድ እጅ ማጠንከሪያ ነው። እኔ ግን ወጥ ላይ በርበሬ እንደሚጨምር ሰው «ቶሎ ይድረቅልኝ» ብዬ ማጠንከሪያውን እጥፍ አደረግሁት። የተረፈው ማጠንከሪያ የሚጣመረው አጥቶ ወለሉ እንደ ማር ሲያጣብቅ ቀረ። አንድ ጫማዬም አብሮት ቀረ።

በሚቀጥለው ጊዜ በልኩ ለካሁ፤ ግን ብዙውን በአንድ ጥልቅ ባልዲ በጠበጥኩት። ኢፖክሲ ሲጠነክር ይሞቃል፤ ስስ ሆኖ ካልተዘረጋ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይግላል። ልክ በዚያች ሰዓት እናቴ ደወለች። ባልዲው መጨስ ጀመረ፣ እኔም መሳል።

«ምን ጭስ ነው የሚያስልህ ልጄ?»

«ቡና እየተቆላ ነው እማዬ።»

በኋላ እውነቱን ስነግራት፣ «የእኛ ሰዎች ደንገሉ ሲበሰብስ ሌላ ታንኳ ያስራሉ፤ አንተ ምን ነክቶህ ነው የበሰበሰ የምታስታምመው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ የጀልባ ማቆሚያው የወር ኪራይ ግን ነበረኝ።

ጓደኞቼ 2018 ማለፉን ሲያስታውሱኝ፣ «በእኛ አቆጣጠር ነው ያልኳችሁ!» ብዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አተረፍኩ። ከሠራኋቸው ጥገናዎች ሁሉ ሳያፈስ የቆየው እሱ ብቻ ነው።

አሁን እሱም ማፍሰስ ጀምሯል። የእኛም 2018 እያለቀ ነው፤ ጀልባዋ ግን ከዝናብ በቀር ውሃ አልነካትም። ትናንት ባለቤቴ «መቼ ነው ታዲያ?» አለችኝ።

«እስከ ጳጉሜን መጨረሻ።»

«ዘንድሮ ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ ናት።»

ይኸው ነው እንግዲህ የእኔ ዕድል። ስድስት ብትሆን ኖሮ እደርስ ነበር።